ስለ ወደቀው መደርደሪያ

በዲላ ከተማ ቤት ተከራይተን የምንማር ብዙዎች ነን። ከቤቱ ጋራ የሚከራየን ዕቃ አንድ አልጋና አንድ የቺፑድ ቁም ሳጥን ሲሆን፣ የቁም ሳጥኑ መደርደሪያ አንድ ሌሊት ከነመጻሕፍቱ ዘጭ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የቤቱ እመቤት «ልጆቼ፣ ዕቃዬን ሰበራችሁብኝ» ይላሉ፤ እኛም «እትዬ፣ ዱሮውንም ላልቶ ነበር» እንላለን፤ ነገሩም እስከ ቀብዱ ገንዘብ ይደርሳል። መጻሕፍቱ እስከ ፈተና ድረስ ከአልጋ ሥር ከጫማ ጋራ ይከርማሉ።

የኛ አሳብ ይህ መደርደሪያ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በራሳችን እጅ፣ ከቀድሞው በርትቶ ሊቆም ይችላል የሚል ነው። ግን ያንኑ ጣውላ በዚያው ቀዳዳ መልሶ መስካት ጥገና አይባልም። የወደቀበት ምክንያት እዚያው ተቀምጧልና።

ቺፑድ እንጨት ይባል እንጂ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጣብቆ የተጨመቀ ነው፤ እንደ ሳንቃ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ጅማት የለውም። ሸክም ሲቆይበት ቀስ በቀስ ይጐብጣል፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ካበጠም ወደ ነበረበት አይመለስም። በልግም ክረምትም ዝናብ በሚመላለስበት በጌዴኦ ደግሞ እርጥበት የሚቸግር ነገር አይደለም። በዚህ ላይ ከሳጥኑ ጀርባ የተመታው ስስ ልባጥ ሚስማሩ ሲለቅ የግራና የቀኙ ጎን ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ መደርደሪያውን በአራቱ ማዕዘን የያዙት ትናንሽ የፕላስቲክ ችንካሮች አንዱ ቢሾልክ ይበቃል።

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ የወረደ ሰው የቡና ማድረቂያ አልጋዎችን ሳያይ አይቀርም። እግራቸው ተቀራርቦ የተተከለ ነው። ቢራራቅ አልጋው ይረግባል፣ ቡናውም ወደ ረገበው ቦታ ተንሸራቶ ይከመራል፤ የተከመረ እርጥብ ቡና እኩል አይደርቅም። የምሕንድስና ተማሪዎች ጓደኞቻችን ይህንኑ በሒሳብ ያውቁታል፤ እኩል የተዘረጋ ሸክም የተሸከመ ጣውላ የድጋፎቹ ርቀት በግማሽ ቢያጥር ጕብጠቱ ወደ 1/16 ይወርዳል፤ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ግን ወደ 1/8 ብቻ ነው። እንግዲህ ወፍራም ጣውላ ከመግዛት መሐሉ ላይ አንድ እግር ማቆም ይሻላል፤ ይረክሳልም።

ሥራው እንዲህ ነው። አስቀድሞ እትዬን ማስፈቀድ ይገባል፣ ዕቃው የርሳቸው ነውና። ሳጥኑን ባዶ አድርጎ፣ ጎኖቹን አቅንቶ፣ የጀርባውን ልባጥ እንደገና በሚስማር መምታት ይቀድማል፤ ይህን የዘለለ ሰው የቀረው ድካሙ ከንቱ ነው። ከዚያ ከእንጨት ሥራ ቤት ቁራጭ ሊስቴሎ አምጥቶ በግራ፣ በቀኝና በጀርባ በኩል በውሃ ልክ አስተካክሎ በኮላና በብሎን ማሰር ነው። የሳጥኑ ጎን 16 ሚሊ ሜትር፣ ሊስቴሎው 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ የ30 ሚሊ ሜትር ብሎን ይበቃል፤ የ40 ከሆነ በወዲያኛው በኩል ጫፉ ይወጣል፣ ጠቡም ይታደሳል። ባሕር ዛፍ ሳይበሱት ብሎን ቢያስገቡበት ይሰነጠቃልና በመሰርሰሪያ መብሳት ያሻል፤ ዋንዛ ከተገኘ ግን ይመረጣል። የጐበጠውን ጣውላ ገልብጦ ጕብጠቱን ወደ ላይ ማድረግ፣ በፊት ጠርዙም ላይ አንድ ሊስቴሎ አቁሞ ማጣበቅ፣ በመጨረሻም ከመሐሉ ሥር እግሩን ማቆም። የሳጥኑ ወለል ከመሬት ከፍ ያለ እንደሆነ ከእግሩ ትይዩ ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ይግባበት፤ አለዚያ ሸክሙን ወደ ወለሉ ማዛወር ብቻ ነው።

ይህን ለመሥራት የሚያግደን የገንዘብ እጦት አይመስለንም። መዶሻ የያዘን ሰው ዝቅ አድርጎ ማየት ገና ከኛ አልወጣም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ ዛሬም በየካፌው ስለ ልማት ስንከራከር የምናመሽ ሰዎች ካቻቢቴ ለመጨበጥ እናፍራለን። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ መዝገብ ሲገባ ሁላችንም ኮርተናል። የጨልባ ቱቲቲን ድንጋዮች ያቆሙ ሰዎችና እንሰትን፣ ቡናንና ዋንዛን በአንድ ማሳ የሚያኖሩ ገበሬዎች ባሉበት አገር አንድ ክንድ ተኩል ጣውላ ማቆም ለተማሪ ከባድ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበር አንድ የመሣሪያ ሳጥን ይግዛ እንላለን። መጋዝ፣ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ውሃ ልክና ሜትር ይኑሩበት፤ ኮላና ብሎን ተጠቃሚው ያምጣ። ቁልፉ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሆኖ የወሰደ ይፈርም፣ በማግስቱም ይመልስ። ገንዘቡ ለቀጣዩ የጭፈራ ምሽት ከተያዘው ላይ ቢነሣ እኛ አንቃወምም።