ርካሽ ቤት በቡና አገር

በሚዛን ተፈሪ ከተማ የሚኖሩ አንዲት እመቤት ለዚህ ዐምድ ደብዳቤ ልከዋል። ባለቤታቸው በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት በስተ ኋላ ከተሠሩት የሰርቪስ ክፍሎች ሁለቱን ተከራይተው ይኖራሉ። ባለፈው ጥቅምት ኪራዩ ስለ ተጨመረባቸው፣ ከዚያ ወዲህ የራሳቸው ጣራ የማግኘት አሳብ ዕንቅልፍ እንደ ነሣቸው ይናገራሉ። አሁን በሐምሌ ዝናብ መካከል አንድ ደላላ ወሬ ይዞላቸው መጣ። ይኸውም ከከተማው ዳር ያለ አንድ የቡና ገበሬ ከማሳው 200 ካሬ ሜትር ቈርሶ ሊሰጣቸው ፈቅዷል፤ ውሉ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ይጻፋል፤ ገንዘቡም ባንድ ጊዜ ይከፈላል። «ዋጋው በአዲስ አበባ ለቤት ቀርቶ ለአጥር አይበቃም» ይላሉ እመቤቲቱ። ዕቁባቸው በዚህ ወር ይወጣላቸዋልና ምክራችንን ቶሎ እንድንልክላቸው ለምነውናል።

እኛም ቶሎ እንመልሳለን። ይሁን እንጂ «ርካሽ» የሚለውን ቃል ሳንመረምር ብናልፍ ምክራችን ምክር አይሆንም። በዚያ አገር ቤትና ቦታ ርካሽ የሚሆነው ለማን ነው? ከዓመቱስ ወራት በየትኛው ወር ነው?

ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ ከተማ ናት። ቀድሞ በከፋ ጠቅላይ ግዛት የጊሚራ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ከጎረቤቷ ከአማን ጋራ ተዋሕዳ ሚዛን አማን ትባላለች፤ የቤንች ሸኮ ዞንም መቀመጫ ናት። ቴፒ ደግሞ ከዚያ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ ትገኛለች፤ ከሚዛን ዝቅ ያለች፣ ሙቀቷም የበረታ ናት።

የዚህ አገር የሕዝብ ታሪክ ኀዘን የሌለበት አይደለም። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የባሪያ ፍንገላ እነዚህን አውራጃዎች አራቁቷቸው ነበር፤ ብዙ መንደር ጠፍቶ ማሳው ዱር ሆነ። ኋላ ግን ነገሩ ተገልብጦ ሰው ከየአቅጣጫው የሚጐርፍበት አገር ሆነ። ሰውን የጠራው በመጀመሪያ ቡናው ነው። የቴፒና የበበቃ የቡና እርሻዎች በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ተስፋፉ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ግል ባለ ሀብቶች ተላለፉ። ለለቀማ ከሩቅ ከመጣው ሠራተኛ ከፊሉ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ እዚያው ጎጆ ቀለሰ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም እንደ ገና፣ በሠፈራ የመጡ አሉ። ስለዚህ ዛሬ በሚዛን በአንዲት የውኃ ቧንቧ ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ከፊቾው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌውና ወላይታው ጀሪካን ደርድረው ተራ ሲጠብቁ ይታያሉ።

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ሚዛን ተፈሪ ከ10 ሺሕ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ነበራት። በ1999ኙ ቈጠራ ሚዛን አማን ወደ 34 ሺሕ ደርሳ፣ ወንዶቹም ከሴቶቹ በልጠው ተገኙ። ይህ የሥራ ፈላጊ ከተማ ምልክት ነው። ወንዱ ቀድሞ ይመጣል፤ አንድ ክፍል ይከራያል፤ ሚስቱን ወይም እጮኛውን ኋላ ያስመጣል። ሚስት ስትመጣ አንዱ ክፍል ይጠባል፤ ልጅ ሲወለድ ደግሞ ሁለተኛ ክፍል ይፈለጋል። የቤት ፍላጎት በሚዛን ያደገው በዚህ መንገድ ነው።

ከ1999 ወዲህ በኢትዮጵያ ጠቅላላ የሕዝብ ቈጠራ አልተደረገም፤ ሊደረግ ታስቦ ተላለፈ። በአውስትራሊያ ሕዝቡ በየ5 ዓመቱ ስለሚቈጠር፣ ርካሽ ሠፈር የሚፈልግ ሰው በዚያ ሠፈር ከሚኖሩት ስንቱ በኪራይ፣ ስንቱም በራሱ ቤት እንዳለ፣ የነዋሪው ዕድሜና ገቢም ምን ያህል እንደ ሆነ አስቀድሞ አንብቦ ይገዛል። የኛ ሰው ግን የሚያነበው መዝገብ ስለሌለው ደላላውን ያነባል። (ደላላም መጽሐፍ ነው አንልም አይደለም፤ ነገር ግን ለሻጩ አንዱን ገጽ፣ ለገዢው ሌላውን ገጽ ይገልጣል።)

ቡናው ከጠራቸው በላይ ሌሎች ሁለት ነገሮች ለሚዛንና ለቴፒ ተከራይ ጨምረዋል። አንዱ በሁለቱም ከተሞች ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የተመሠረተው በ1999 ዓ.ም. ነው። የቀን ተማሪው በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት ያድራል፤ መምህሩ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው፣ ምግብ አብሳይዋና ዘበኛው ግን ከተማ ውስጥ ክፍል ይሻሉ። ሁለተኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መመሥረት ነው። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ከሰጠ በኋላ፣ በኅዳር ክልሉ ተቋቋመ፤ የዋና ከተማነቱም ክብር ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ ተከፋፈለ። መሥሪያ ቤት በመጣበት ሁሉ ሠራተኛ ይከተለዋል፤ ሠራተኛም ሲመጣ በግቢው ጓሮ አንድ ክፍል የነበረው ሰው ሦስት ክፍል ይጨምራል።

አሁን ወደ ወራቱ እንመለስ፤ ዋናው ነገር ከዚህ ላይ ነውና።

የቡና ገበሬ ገንዘብ የሚያየው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በቆላው ማሳ ለቀማው ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ በወይና ደጋው እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። በእነዚህ ወራት ለቃሚው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩና ረዳቱ ከተማውን ይሞሉታል፤ ዩኒቨርሲቲውም የሚከፈተው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ክፍል ይጠፋል፤ ኪራይም ይወደዳል። እመቤቲቱ ጭማሪው በጥቅምት መምጣቱን በአከራያቸው ክፋት ተርጕመውታል፤ እኛ ግን ሰውየው የክፋቱን ያህል ቀን መቍጠርም ያውቃል እንላለን። ጥር ካለፈ በኋላ ገንዘቡ ይሳሳል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ፣ ለቃሚው ወደ አገሩ ሄዶ፣ ክፍሎቹ ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ገበሬውም ጎተራውን ጠርጎ በእንሰትና በጎደሬ የሚኖርበት፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ የሚደርስበት፣ የታመመ ካለበት ደግሞ ከነጋዴ ደጅ የሚቆምበት ወር ይኸው ነው። ቡናውን ገና በአበባው ሳለ በግማሽ ዋጋ የሚያስይዝ አለ፤ ከዚያም የባሰበት ማሳውን ይቈርሳል።

እንግዲህ ለእመቤቲቱ የተነገረው ዋጋ የሐምሌ ዋጋ ነው። ያው ገበሬ በኅዳር ቢጠየቅ ያንን ቦታ በዚያ ዋጋ ይሰጥ ይሆን? ከቶ አይመስለንም። በ200 ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ሁለት ሜትር እያራራቁ ቢተክሉ 50 እግር ቡና ይቆማል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የዓለም የዐረቢካ ቡና ዋጋ ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማይታወቅ ከፍታ ወጥቶ ነበር፤ ያን ጊዜ 50 እግር ቡና የነቀለ ሰው ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም።

የቡናውን ዋጋ ያነሣነው ገዢውንም ስለሚነካ ነው። በአንድ ሀብት ብቻ የቆመ ከተማ የቤቱ ዋጋ ከሀብቱ ጋራ ይወጣል፤ ከሀብቱም ጋራ ይወርዳል። በምዕራብ አውስትራሊያ ፖርት ሄድላንድ የምትባል የብረት ማዕድን የሚጫንባት ወደብ አለች። ማዕድኑ በተወደደበት ጊዜ የቤቷ ዋጋ ከትልልቆቹ ከተሞች እስከ መብለጥ ደርሶ፣ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ግን ብዙ ቤት ከገዢው ዕዳ በታች ሆኖ ቀረ። ሚዛን ከቡናው በላይ ዩኒቨርሲቲና መሥሪያ ቤት ስላላት ከዚያች ወደብ ትሻላለች፤ ነገር ግን አንድ ቤተ ሰብ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ባንዲት ቦታ ላይ ሲያፈስስ ይህን ማሰብ ይገባዋል።

ስለ ሕጉ ደግሞ እንናገር። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ተባለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ ወሰነ፤ ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ እስከ 99 ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ ገበሬው ማሳውን ሊሸጥ አይችልም፤ ሊሸጥ የሚችለው በላዩ ያፈራውን ነው። ውል ጸሓፊዎች ይህን ስለሚያውቁ «ቦታውን ሸጥሁ» አይሉም፤ «ቡናዬን ሸጥሁ» ወይም «ጎጆዬን ሸጥሁ» ብለው ይጽፋሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች የተከበሩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ፊርማቸው የቦታ ካርታ አይሆንም። የከተማው ፕላን እዚያ በደረሰ ቀን ቤቱ ከጨረቃ ቤቶች ጋራ ይቈጠራል፤ ካሣ የሚታሰበው ለሕጋዊ ባለ ይዞታ ነውና እመቤቲቱ ከፍርስራሹ ቆርቆሮ በቀር የሚያነሡት ነገር አይኖራቸውም።

በዚያ አገር የይዞታ ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ከዚያው ዞን ከጉራ ፈርዳ ወረዳ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰፋሪዎች ሕጋዊ ይዞታ የላችሁም ተብለው፣ ከሠሩት ጎጆና ካለሙት እርሻ እንዲወጡ ተደርገዋል። ልጅ ይዞ በመንገድ ላይ የወደቀ ቤተ ሰብ ያየ ሰው ያለ ካርታ ቤት ሥሩ ብሎ አይመክርም። ነገር ግን የተሻለ ያጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ባለው ውል ሲገባ እያየን ጥፋተኛው እርሱ ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም። የሊዝ ጨረታ ለመምህር ደመወዝ ሩቅ ነው፤ ለለቃሚውማ ስሙም አይነሣ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዕቁቡ ይውጣ፤ ገንዘቡም ወደ ባንክ ይግባ። ባለቤታቸው ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋራ የቤት ሥራ ማኅበር ማቋቋም ይቻል እንደ ሆነ ከከተማው አስተዳደር ይጠይቁ፤ መንገዱ ቢረዝምም ወረቀቱ ትክክለኛ ነው።

በኪራይ መቆየት ግድ ከሆነ ደግሞ ውሉን በጽሕፈት ያድርጉት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። አዋጁ በየትኞቹ የክልል ከተሞች እንደሚሠራ የሚወስኑት ክልሎቹ ስለ ሆኑ፣ በሚዛን ያለውን ውሳኔ ከመሥሪያ ቤቱ ሄደው ይጠይቁ። ደንቡ ባይደርስ እንኳ ሁለት ቅጂ ጽፎ መፈራረም የሚከለክል የለም። ዋናው ምክራችን ግን ይህ ነው፦ ውሉን ዛሬ በሐምሌ ያድሱት፤ ጥቅምትን አይጠብቁ። አከራዩ ባዶ ክፍል እያየ የሚስማማበትን ዋጋ ለቃሚ በር ሲያንኳኳ አይስማማበትም። ዓመት የሚበላ ውል በክረምት ከታሰረ፣ በቡና ወራት የሚመጣው ጭማሪ ከደጅ ይቀራል። (ጳጉሜን የምትባለው ወር ደመወዝም የላት፣ ኪራይም አይጠየቅባትም፤ እርስዋ ብቻ ለተከራይም ለአከራይም እኩል ናት።)

ካርታ ያለው ቤት ለመግዛት ዐቅም ቢገኝ ደግሞ ቤቱን በነሐሴ ይዩት። በዚያ አገር በዓመት ወደ 2 ሺሕ ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ይወርዳል። በጥር ያማረ የጭቃ ግድግዳ በነሐሴ ከእግሩ እየሟሟ ይታያል። መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ብሎ እንደ ሆነ፣ የጣራው ክፈፍ ግድግዳውን አልፎ እንደ ሆነ፣ የጎረቤት ውኃ ወዴት እንደሚፈስስ ይመርምሩ። ምሰሶውን በቢላዋ ወጋ ያድርጉት፤ ምስጥ ከውስጥ ከበላው ድምፁ ይለወጣል። በቴፒ ከሆነ ወባ ስላለ ለመስኮቱ ወንፊት ያስቡ። ጭቃውን መልሶ መምረግ ይቻላል፤ ቆርቆሮና ሚስማር ግን የሚሠሩት ከውጭ በሚመጣ ብረት ስለ ሆነ፣ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ጣራ መቀየር ቀላል ወጪ አይደለም። ካርታው በባልና በሚስት በሁለቱም ስም ይጻፍ፤ ይህን ነገር ባሎች ሲረሱት አይተናል፤ ሚስቶች ግን ሊረሱት አይገባም።

ለእመቤቲቱ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶናል። በደብዳቤያቸው ውስጥ ስለ ገበሬው ጽፈዋል፤ ስለ ደላላውና ስለ ሦስቱ ሽማግሌዎችም ጽፈዋል። የገበሬው ሚስት ግን በአንድ መስመር እንኳ አልተነሡም። እነዚያን 50 እግር ቡና አብረው የተከሉ፣ ያረሙና የለቀሙ እርሳቸው ናቸው፤ ማሳው ሲቈረስም የሚጎድለው ከእርሳቸው ጎተራ ነው። እመቤቲቱ ለደላላው እንቢታቸውን ከመናገራቸው በፊት፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን ወደዚያ ቤት ወጣ ብለው ከሴትዮዋ ጋራ ቡና ቢጠጡ እንወድዳለን። የነገሯቸውንም ቢጽፉልን በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ዐምድ እናወጣዋለን።