የዕቃ ዕድሜና የነጋዴ ቃል

ልጅ በአሻንጉሊት ቢጫወት የሚደነቅ የለም፤ አዋቂ ሰው ግን አሻንጉሊት በውድ ዋጋ ገዝቶ፥ ሣጥኑን እንኳ ሳይከፍት በመደርደሪያ ላይ ሲያኖረው ያየ ሁሉ ምክንያቱን ለማወቅ ይሻል። ምክንያቱ ትዝታ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ. ም. በጃፓን ፊልም የታየው ጎድዚላ የተባለው ጭራቅ በ1988 ዓ. ም. በቪዲዮ ጨዋታም መጣ። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለውን ጨዋታ የተጫወቱ ልጆች ዛሬ ደመወዝተኞች ጎልማሶች ናቸው። የአሻንጉሊት ፋብሪካዎችም ይህን ተረድተው የድሮ ጨዋታ ጭራቆችን በፕላስቲክ እየቀረጹ ይሸጣሉ፤ ዕቃው አልቆ ዋጋው በተወደደ ጊዜም ያንኑ ቅርጽ ደግመው ያወጣሉ።

ታዲያ የኋለኛው ከፊተኛው እኩል ነውን? ለሚለው ጥያቄ፥ የዚህ አገር ነጋዴ መልስ የሚያገኘው ከገዛ ታሪኩ ነው። እቴጌ ማርያ ቴሬዛ በ1780 ዓ. ም. ሞቱ፤ መልካቸው ያለበት ጠገራ ብር ግን ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ እየታተመ ኖረ። በ1935 ዓ. ም. ሙሶሊኒ የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ አስመጥቶ በሮማ አሳተመ፤ በተከታዩ ዓመት ሎንዶንም ማተም ጀመረች። የቪየና ማተሚያ ቤት እስከ ዛሬ አልተወውም። ይህ ሁሉ ገንዘብ በእውነቱ ዳግመኛ የወጣ ነው፤ ነገር ግን ክብደቱ 28 ግራም ያህል፥ ብርነቱም ከመቶ 83 እጅ በመሆኑ ገበያው ተቀበለው። ኢጣልያ በ1918 ዓ. ም. ይህንኑ አስመስላ ለኤርትራ ያወጣችው ታለሮ ግን፥ በእቴጌይቱ ፈንታ የሌላ ሴት መልክ ስለ ነበረበት በገበያ ሳይወደድ ቀረ። በትከሻ ጌጧ ላይ ያሉትን ፈርጦች ቈጥሮ ብር ይቀበል የነበረ ሰው በቀላሉ የሚታለል አልነበረም።

ልዩነቱ ከዚህ ላይ ነው። ጠገራው ቢዋሽ እንኳ ሚዛን ይመሰክርበታል፤ አንጥረኛም አቅልጦ አምባር ያደርገዋል። የፕላስቲክ ጭራቅ ግን ቢቀልጥ ምንም አይወጣውም፤ ዋጋው በሙሉ ታሪኩ ነው። ስለዚህ የተሠራበትን ዓመት የሚሰውር ሻጭ ዕቃውን ራሱን ሰረቀ ማለት ነው።

በሞያሌ ጠረፍ፥ በኬንያም ወገን እንደ ኦቦ ባለ ስፍራ፥ አንድ ነጋዴ እንዲህ ያለ አሻንጉሊት ወይም ጠገራ ለሰብሳቢ ቢያቀርብ፥ ገዢው ፋብሪካውንም ማተሚያ ቤቱንም ሄዶ ሊጠይቅ አይችልም፤ ያለው ዋስትና የነጋዴው ቃል ብቻ ነው። «ገዢ ራሱ ይወቅ» የሚሉ አይጠፉም። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ የተታለለ ሰብሳቢ ለእውነተኛውም ዕቃ ሙሉ ዋጋ መክፈልን ይፈራል፤ ጉዳቱም ቃሉን ለሚጠብቀው ነጋዴ ይተርፋል።

ዳግመኛ መሥራት ነውር አይደለም፤ አቅሙ ያነሰ ሰው የልጅነቱን ደስታ በረከሰ ዋጋ እንዲያገኝ ይረዳዋል። ነውሩ ዳግመኛውን የመጀመሪያ ነው ማለት ነው። እንግዲህ አስተዳዳሪዎች ዳግመኛ የወጣ ዕቃ የተሠራበት ዓመት በሣጥኑ ላይ እንዲጻፍ ቢያዝዙ፥ ነጋዴዎችም ትእዛዙን ሳይጠብቁ በደረሰኛቸው ላይ ቢጽፉት፥ ገዢው ይጠቀማል፤ ሻጩም በስሙ ይከበራል።