«አንቺ ከሄድሽ ማን ይሠራል?»





እኔ በጋምቤላ ክልል በዲማ ወረዳ በአስታማሚነት፤ ዛሬ እንደሚባለው በዲፕሎማ ነርስነት፤ 14 ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ። ዲማ በአስተዳደር የጋምቤላ ትሁን እንጂ እኛ የምንመላለሰው በሚዛንና በበበቃ የቡና እርሻ በኩል ነው። በ1980ዎቹ ከሱዳን ለተሰደዱ ሰዎች መጠለያ የነበረች፤ ወርቅ ፍለጋም ሰው ከየአገሩ የሚመጣባት ቆላ ናት። ቆፋሪው የሚያድረው በሜዳ፤ የሚጠጣውም የወንዝ ውሃ ስለ ሆነ ወባውም ተቅማጡም በቃሬዛ ተሸክሞ የሚመጣው ወደ እኛ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የወላድ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም አልቆም አላት። እንደ ተማርሁት ማኅፀንዋን አሸሁ፤ መርፌውን ወጋሁ፤ ግሉኮስ ሰቀልሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደሙ ቆመ። ሲነጋ ባልዋ «ባይቆምስ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። እጄ የለመደውን አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አልተማርሁም።

ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሼ ባለ ዲግሪ ነርስ ለመሆን ሦስት ጊዜ አመለከትሁ። (ደመወዙም እንዲሻሻልልኝ እፈልጋለሁ፤ አልፈልግም ብል ውሸት ነው።) ሦስት ጊዜም ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፤ «አንቺ ከሄድሽ ማን ይሠራል?» የሚል። ሲሰሙት ምስጋና ይመስላል። እንዲህ ከሆነ ግን ሰነፍ ብሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ተመርቄ ነበር ማለት ነው!

በአገራችን የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1942 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደሩ ኮሌጅም የጤና መኰንንና ነርስ ሲያሠለጥን አሳቡ የተማረ ሰው ለገጠሩ እንዲደርስ ነበር። ታዲያ ቆላውን የለመደ፤ የአኙዋክኛም ሰላምታ የሚያውቅ ሠራተኛ በቦታው ሳለ እርሱን ማስተማር አይቀልምን?

«ትማሩና አትመለሱም» የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ከእኔ ጋር ከሠሩት ሁለቱ ለትምህርት ሄደው በዚያው ቀርተዋል። አልፈርድባቸውም፤ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት እዚያ ነው። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ስለ ቀሩ የቀረነው ሁሉ እንታሰር ማለት ፍርድ አይደለም። የውል ግዴታ ይጻፍብን፤ ያገለገልንበትም ዘመን ለምርጫው ይቈጠርልን።

ሌላም መንገድ አለ። መምህራን ክረምት ክረምት እየተማሩ ዲግሪ ሲይዙ አይተናል። ለነርሶችስ ለምን አይሆንም? ወባ ዓመቱን ሙሉ ባይለየንም የሚበረታው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ተምረን ለመስከረም ብንመለስ ሥራው ብዙ አይጐዳም። በሆስፒታል የሚደረገውንም ልምምድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ባለበት በሚዛን አማን ብናደርገው ይቀርበናል፤ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያሻም። ለሁለት ወር የሚተካን ሰው መፈለግ ለሦስት ዓመት ከመፈለግ እንደማይከብድ ለማንም ግልጽ ነው።

ይህን ጋዜጣ የምታነቡ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዎች ሆይ፤ የመልቀቂያው ደብዳቤ የሚፈረመው በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከሩቅ ወረዳ የመጣውን ማመልከቻ ከበታች አታድርጉብን። በየቀኑ ቢሮ እየመጣ የሚያስታውሳችሁ የከተማ ሰው ነው፤ እኛ ተረኛ ነን።

እኔ አራተኛውን ማመልከቻዬን በዚህ ወር አስገብቻለሁ።

አንዲት አስታማሚ
ከዲማ