የአሥራ ሦስት ሰዓት መንገድና የሁለት ሳምንት መርዶ

ከዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በማይል ከ7,100 ይበልጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ዋሽንግተን መብረር ከጀመረ ወዲህ ይህ መስመር ለስደተኛው ወገን እንደ ሠፈር አውቶቡስ የታወቀ ሆኗል። ረፋድ ላይ ከዳለስ የተነሳ መንገደኛ አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ በርሮ በማግስቱ ማለዳ ቦሌ ይወርዳል። ምልሱ ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል፤ ነፋሱም ከፊት ይገጥመዋል። በዚህ የተነሳ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ ለነዳጅ ሲያርፍ ኖሯል። የሚከብደው በርበሬውና ሽሮው ነው የሚሉ ቀልደኞችም አልጠፉም።

መንገዱ ይህን ያህል ካጠረ፣ ስንቱ ስደተኛ ለምን ወላጁን ሳይቀብር ይቀራል? አንዲት እናት አዲስ አበባ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነፍሷ ብትወጣ፣ ዋሽንግተን ገና በዋዜማው ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ቀብሩ በዚያው ዕለት 9 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ልጅየው ቲኬት ቢያገኝ እንኳ በማግስቱ ረፋድ ዳለስ ላይ ሲሳፈር አዲስ አበባ መሽቷል፤ እናቱም አፈር ለብሳለች።

ይህም ወዲያው ለተነገረው ሰው ነው። ልማዱ ሌላ ነው፤ ከአገር ቤት ለጓደኞቹ ይደወላል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ከሥራ የሚያርፍበት ቀን ይጠበቃል፣ እሑድ ማለዳ በር ይንኳኳል። ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ያልፋል። ልማዱ ክፉ አይደለም፤ ሐዘንተኛው ብቻውን ስልክ ይዞ እንዳይወድቅ ያስባል። ጥፋቱ ሕመሙም አብሮ መደበቁ ነው። ወራት የተኛች እናት «ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነው» ይባልላታል። ልጁ ሊደርስባት የሚችለው ግን ያን ጊዜ ነበር።

በውጭ ያሉ ዕድሮች አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ገንዘብ ያወጣሉ፤ ይገባልም። ለታመመች እናት መጠየቂያ ቲኬት ያጣ አባል ግን ወደ ዕድሩ ቢሄድ፣ ደንቡ ስለ ሞት እንጂ ስለ ሕመም ብዙውን ጊዜ አይናገርም። አንድ አንቀጽ ይጨመርበት፤ ለወላጅ ጥየቃ ብድር ይሰጥ፣ በየወሩ ይመለስ። «ያን ጊዜማ የሁሉም እናት ትታመማለች» የሚል ገንዘብ ያዥ አይጠፋም። ሕመሙን የአገር ቤቱ ዕድር ዳኛ በስልክ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ የተበደረም ይከፍላል።

የጥገኝነት ጉዳያቸው ያልተቋጨ ወገኖች ቲኬት ቢሰጣቸውም አይሄዱም፤ ከሄዱ ጉዳያቸው ይበላሻል። ለእነሱ እውነቱ በጊዜው ይነገራቸውና እናት ድምፅ መለየት ሳያቅታት በስልክ ያናግሯት።