ከዜሮ ኪሎ ሜትር ወዲያ

ፒያሳ ላይ በ2016 የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ግንባታው ሳያልቅ ሕዝቡ «ዓድዋ ዜሮ ዜሮ» ይለው ነበር። ከአዲስ አበባ የሚወጡት መንገዶች ርቀታቸው የሚቆጠረው ከዚያው አካባቢ ነውና ስሙ ተስማሚ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ከዜሮ በኋላ ስላሉት ቁጥሮች ነው። በጅማ መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሰበታ አለች። በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ደግሞ ሱሉልታ። በነዚህ ሦስት በሮች የሚወጣና የሚገባው ሕዝብ በመንገድ ዳር የሚያነበው የሲሚንቶ፣ የታሸገ ውኃና የሪል እስቴት ማስታወቂያ፣ የደብርና የመስጊድ ጠቋሚ፣ የፋብሪካ ታፔላ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ምን ሆነ ለሚል ሰው መልስ የሚሰጥ ጽሑፍ ብርቅ ነው።

ታሪክ ስለሌለ አይደለም። እኛ ዘንድ ማስታወስ ማለት ሐውልት ማቆም ነው። ሐውልት አደባባይ ይሻል፣ ታላቅ ሰው ይሻል፣ መራቂ ባለሥልጣን ይሻል። ይህ ሁሉ የሚገኘው መሃል ከተማ ስለሆነ በሃያኛው ኪሎ ሜትር የተፈጸመው ወይ ወደ ዜሮ ተጎትቶ ይመጣል፣ ወይ ከሽማግሌዎች ጋር ይቀበራል። የጎደለን ሌላ ሐውልት ሳይሆን ነገሩ በሆነበት ቦታ ላይ የሚተከል፣ ቀንና ስም ያለው፣ አምስት መስመር የማይሞላ ጽሑፍ ነው። ይህ ደግሞ ሐውልት ከማቆም ይከብዳል። ሐውልት ዝም ማለት ይችላል፤ ጽሑፍ ግን አንድ ነገር መናገር አለበት።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 አርበኞች በጣሊያን የተያዘችውን አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለማስለቀቅ ሞከሩ። ከሰላሌ በኩል የመጣው የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር ነበር። ከሰላሌ ተነሥቶ አዲስ አበባን ለሚያጠቃ ጦር ከሱሉልታ ሜዳ የተሻለ መተላለፊያ የለም። ሙከራው ከሸፈ፣ በማግሥቱ አቡነ ጴጥሮስ ተረሸኑ። ዛሬ ያን ዘመቻ የሚያስታውሰን የጳጳሱ ሐውልት ነው። እርሱም በ2005 ለባቡር ሥራ ተነሥቶ በ2008 ወደ ቦታው ሲመለስ አገር ተነጋግሮበታል። ጦሩ ስላለፈበት ሜዳ ግን ማንም አላነሣም።

በዚያው የጎጃም መንገድ ወደፊት ሲኬድ ነገሩ ይከፋል። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ የጣሊያን ጥርጣሬ ደብረ ሊባኖስ ላይ ወደቀ። በግንቦት ወር መነኮሳቱ በካሚዮን ተጭነው ላጋ ወልዴ በሚባል ስፍራ ተረሸኑ። ለመንገዱ ዳር ጽሑፍ ላዘጋጅ ብዬ ብነሣ እንዲህ እጀምራለሁ፦

«በዚህ አካባቢ፣ ላጋ ወልዴ በተባለው ስፍራ፣ ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጥይት ተረሽነዋል። ያዘዘው ሮዶልፎ ግራዚያኒ፣ ያስፈጸመው ጄኔራል ፒየትሮ ማሌቲ ነው። ግራዚያኒ 297 መነኮሳት መገደላቸውን ለሮም አስታወቀ። በኋላ የተደረገ ጥናት በጠቅላላው ጭፍጨፋ የሞቱትን ከ1,800 እስከ 2,200 ያደርሳቸዋል።»

አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናቸው፤ ጠቡ ግን ገና አሁን ይጀምራል። ሁለቱን ቁጥሮች አብሬ ያስቀመጥኩት የመጀመሪያው የገዳዩ የራሱ ቃል ስለሆነ ነው፤ እርሱ እንኳ ያልካደው ቁጥር ነው። ሁለተኛው የተመራማሪው ኢያን ካምቤል ግምት ነው። «ትልቁ ብቻ ይጻፍ» የሚል ይኖራል። ተኳሾቹስ? በጣሊያን መኮንኖች የሚታዘዙ የቅኝ ግዛት ወታደሮች ነበሩ። ይጻፍ ወይስ ይተው? እኔ ይጻፍ ባይ ነኝ፤ ቦታ ጠብቦኝ ነው የተውኩት፣ እሱም ሰበብ ነው። ይህን የመሰለ ሙግት አደባባይ ላይ ፈረስ ስናቆም አይገጥመንም።

ሌሎች አገሮች ይህን መንገድ ሄደውበታል። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ግዛት ከ1927 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአውራ ጎዳናዎች ዳር አጫጭር የታሪክ ጽሑፎችን ይተክላል። ለብዙ ዘመን ግን ጽሑፎቹ በአብዛኛው የጄኔራሎችና የባለ ርስቶች ነበሩ፤ የጥቁሮቹና የነባሮቹ ሕዝቦች ታሪክ በብዛት የገባው ዘግይቶ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ጥፋታቸው ነው። ጽሑፉን አንድ ቢሮ ብቻውን ከጻፈው መንገዱ የዚያ ቢሮ ይሆናል።

ሕጋችንም ብዙ አያግዝም። የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን የሚዳሰስና የማይዳሰስ ብሎ ይከፍላል። አለት ፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን፣ የቆመ ቤት፣ የተቀረጸ ድንጋይ በመጀመሪያው ይገባል፤ በዓልና ዜማ በሁለተኛው። አንድ ነገር የሆነበት፣ ዛሬ ግን ጤፍ የሚዘራበት ሜዳ በየትኛው ይግባ? ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ የሚገነጠለው መንገድ ዕድለኛ ነው። መልካ ቁንጥሬ በ2016 መጨረሻ፣ ጢያም ከእርሱ በፊት በዩኔስኮ የተመዘገቡት የሚታይ ድንጋይ ስላላቸው ነው። ወደ ሰበታ የሚቀጥለው አስፋልት ያን ዕድል አላገኘም።

የሰበታ ነገር ደግሞ ቅርብ ነው፤ የብዙዎቻችን ዕድሜ ይደርስበታል። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ የሚነሣው ከዚያ ሲሆን መስመሩ የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ነበር። በዚያው ሳምንት፣ በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ በሰበታና አካባቢው ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። ሳምንቱ ሳያልቅም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከቁጣው ሥር መሬቱን ለፋብሪካና ለከተማ የለቀቀ ገበሬ ጥያቄ ነበረበት። ባቡሩን ብቻ የሚያወሳ ጽሑፍ ማስታወቂያ ነው፤ ቃጠሎውን ብቻ የሚያወሳም ክስ ነው። ሁለቱ በአንድ ሳምንት መግጠማቸውን የሚናገር ሦስት መስመር ግን የከተማዋን ታሪክ ከብዙ መጻሕፍት በተሻለ ይናገራል።

ቡራዩ ከሁሉም ይከብዳል። መስከረም 2011 በዚያችና በአካባቢዋ ሰዎች በማንነታቸው ተገደሉ፤ ብዙዎቹ ዶርዜና ሌሎች የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 58 ሰዎች መሞታቸውን ዘግቧል። አርባ ምንጭ ላይ ሊበቀል የተነሣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሱት። የአባቶቹን ነገር ሁላችንም በኩራት እንተርካለን፤ እንዲንበረከኩ ያደረጋቸውን ግን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናልፈዋለን። «ቁስል አትቀስቅሱ» የሚለው ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ያልተጻፈው ግን አልተረሳም። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ቁጥር፣ የራሱን ጀማሪና የራሱን ንጹሕ ይዞ በየቤቱ ለልጆቹ ያስተምራል።

ጊዜውም አይጠብቅም። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ከሌሎች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲሆኑ ታፔላዎች እንደገና ተቀቡ። መንገድ ሲሰፋ የድሮ ሠፈር ይነሣል፣ ነዋሪው ይበተናል፣ የት ምን እንደሆነ ጣቱን ቀስሮ የሚያሳይ ሰው ይጠፋል። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እኩል መጻፍ እንዳለበት ለእኔ የሚያከራክር አይደለም። ረቂቁ ከመቀረጹ በፊት ግን በወረዳው አዳራሽ ለአንድ ወር ተለጥፎ የእድሩ ዳኛ፣ የታሪክ መምህሩ፣ መሬቱን የለቀቀው ገበሬና በኋላ የመጣው ነዋሪ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ ይስጡበት። ያልተስማሙበት ካለ «በዚህ ላይ ሁለት ቃል አለ» ተብሎ ይጻፍ።

ለልምምድ ቀላሉ ገፈርሳ ነው። ከአዲስ አበባ ቀደምት የውኃ ግድቦች አንዱ ቡራዩ አጠገብ ነው። ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ያስወጡት መንገድም የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው፤ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው የእንፋሎት ዳምጠው ለዚያ መንገድ ሠርቷል። በዚህ የሚጣላ አይኖርም፤ ጎብኚም ይወደዋል፣ ባለሥልጣንም ሪባን ይቆርጥበታል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ደስ የሚሉት አሥር ጽሑፎች ከቀደሙ ሥራው የቱሪዝም ቢሮ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ለገፈርሳ ቢሆን አልቃወምም፤ ሁለተኛው ግን ሰበታ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ይተከል።