ጄራኒየም የተባለ ሁሉ ጄራኒየም አይደለም

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አበባ በሚያወጣበት ወራት፥ በጎጃም ደጋ፥ በቁይ በኩል በአጥር ሥርና በቦይ ዳር ጐንበስ ብሎ ለሚመለከት ሰው አምስት ቅጠል ያለው ነጣ ወይም ቀላ ያለ ትንሽ አበባ አይታጣም። ከመካከሉ አንዱ የዱር ጄራኒየም ነው። ከከተማ የመጣው ተማሪ ወይም አዲስ የተመደበው የግብርና ሠራተኛ ግን ጄራኒየም ሲባል የሚታየው በቆርቆሮ ተተክሎ በረንዳ ላይ የሚቀመጠው ቀይ አበባ ስለ ሆነ፥ እውነተኛውን ረግጦት ያልፋል።

የቆርቆሮው አበባ ዘሩ አብዛኛውን ከደቡብ አፍሪቃ ነው። ሊኔዎስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ሁለቱን በአንድ ስም ጽፏቸው ነበር፤ በ1789 ሌሪቲየ የተባለው ፈረንሳዊ ለይቶ ፔላርጎኒየም አለው። ገበያው ግን የቀድሞውን ስም እስከ ዛሬ አልተወም።

መለየቱ አስቸጋሪ አይደለም። የዱሩ ጄራኒየም አምስቱ የአበባ ቅጠሎች እኩል ናቸው፤ በውስጡም ዱቄት የሚይዙት ዘንጎች አሥር ናቸው። በፔላርጎኒየም የላይኞቹ ሁለት ቅጠሎች ከታችኞቹ ሦስት ይለያሉ፤ ዱቄት ያላቸውም ዘንጎች ከሰባት አይበልጡም። ኤሮዲየም የሚባለው ዘመዳቸው አምስት ብቻ አለው። ቅጠሉንና አበባውን አይቶ በጓሮ የሚበቅለውን ልት ጄራኒየም ነው የሚልም አይጠፋም፤ የልት ዘንጎች ግን እንደ ምሰሶ በአንድነት የተጣበቁ ናቸው፤ ፍሬውም ክብና ጠፍጣፋ ነው። የጄራኒየም ፍሬ እንደ ወፍ ምንቃር ሾጣጣ ነው፤ ሲደርቅ ከሥሩ ተሰንጥቆ ወደ ላይ እየተጠቀለለ ዘሩን ያስፈነጥራል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም።

ወገኑ ከታወቀ በኋላ ዓይነቱ ይቀራል፤ እዚህ ላይ አለመቸኰል ነው። ግንዱ ላይ ወደ ታች የተቀለበሱ ጥቃቅን እሾሆች ካሉ አኩሌዮላቱም የሚባለው ሊሆን ይችላል። በደጋችን በሰፊው የሚገኘው አራቢኩም ነው። ይህንም ሊቃውንት በስሜን ስም ሲሜንሴ ብለውት ነበር፤ ኋላ ግን ፎርስኮል ከየመን ከጻፈው ጋር አንድ ሆኖ ስለ ተገኘ የቀደመው ስም ጸና።

«ይህ ምን እንጀራ ይሆናል?» የሚሉን አሉ። የጎጃም ገበሬ እንክርዳድን ከስንዴ ይለያል፤ ካልለየ የሚታመመው ቤተ ሰቡ ነውና። ባላገሩ መድኃኒት ነው ያለውን ተክል በመዝገብ የሚያሰፍረው ወጣት ሹም የአንዱን ስም ለሌላው ቢሰጥ፥ ከእርሱ በኋላ መዝገቡን አምኖ የሚቀምመው ሰው የማያውቀውን ተክል ይዞ ይሰነብታል። ከ1980 እስከ 2009 የተዘጋጀው ባለ ብዙ ቅጽ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ በእጃችን አለ። ነገር ግን መጽሐፉን ለመጠቀም በመጀመሪያ ዘንግ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ይህም በሰሌዳ ላይ ከተሣለ የባዕድ አበባ አይለመድም። የቁይ መምህራን በመስከረም ተማሪዎቻቸውን አንድ ሰዓት ወደ ቦዩ ዳር ይዘው ቢወጡ፥ ማጉያ መነጽር ባይኖርም፥ ዓይን ብቻውን እስከ አሥር ለመቁጠር ይበቃል።