ዓረፋ ድንገተኛ እንግዳ አይደለም



በየዓመቱ የምንደጋግመው ነገር አለ። የፈተና ፕሮግራም ሲለጠፍ የኢድ ወይም የዓረፋ ማግስት ላይ ፋይናል እናገኛለን፤ ተሰብስበን ሬጅስትራር እንሮጣለን። መልሱ ያው ነው፦ "ካላንደሩ በሴኔት ጸድቋል፤ አሁን ምን እናድርግ?"

ቅር ይለናል። ግን የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ እንደሚያጥር እናውቃለን። ዓረፋ በ2017 ግንቦት 29 ዋለ፤ በ2018 ወደ ግንቦት 19 እንደሚጠጋ ለመናገር ጨረቃ መጠበቅ አያስፈልግም። ጨረቃዋ የምትወስነው የአንድ ቀን ልዩነት ነው። በዕለቱማ የሕዝብ በዓል ስለሆነ የሚፈትነን የለም፤ የሚያስቸግረን ዋዜማውና ማግስቱ ነው። ጅማ ወይም ደሴ ቤተሰቡ ጋር ሄዶ በማግስቱ ጠዋት ፈተና ላይ የሚቀመጥ ማን ነው?

ስለዚህ ደብዳቤያችን መግባት ያለበት በክረምቱ፣ ካላንደሩ ረቂቅ እያለ ነው። የጁምዓ ሰላት ሰዓት ላይ የሚወድቁ ፈተናዎች ጉዳይም በዚያው ደብዳቤ ይካተት፤ ለብቻው ሲቀርብ ሰሚ አጥቷል።

የራሳችንም ጥፋት አለ። አድና ድሮፕ ያለፈው፣ በቅጣት የተመዘገበ ወንድም "ረመዳን ነበር" ይለናል። ተራዊሕ ማታ ነው፤ ሬጅስትራር የሚከፈተው ቀን ነው። ታሞ ዊዝድሮው መሙላት ሲገባው ኤፍ ከመጣ በኋላ የሚያማክረንም ብዙ ነው፤ ያኔ ከዱዓ በቀር የምንረዳው የለም።

የምዝገባ፣ የአድና ድሮፕና የዊዝድሮው ቀኖችን እንደወጡ ከሰላት ሰዓቱ ጎን እንለጥፋለን። ከየዲፓርትመንቱ አንድ ሰው የሚድና የፋይናል ፕሮግራሙን በወጣበት ቀን ፎቶ አንስቶ ይላክልን።